የሱማንገላ የጠዋት ጥያቄ

ሱማንገላ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ቦርሳዋን ከማስቀመጧ በፊት ኮምፒውተሯን ትከፍትና አንድ ቃል ትጽፋለች። ቃሉ ጥያቄ ነው፤ ሰርቨሩን «ዘበኛው ነቅቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል፦ ይከለክላል፤ ያያል እንጂ አይከለክልም፤ ጠፍቷል። በእኛ ቢሮ መልሱ የመጀመሪያው ነው። እርሷ ያን ካነበበች በኋላ ጃንጥላዋን የመስኮቱ ብረት ላይ ታንጠለጥላለች፣ የሳሪዋን ጫፍ ታስተካክላለች፣ ከዚያም «ነቅቷል» ትላለች፤ ለማንም ሳይሆን ለክፍሉ።

ሠራተኛው ሁሉ ቼቺ ይላታል፤ ታላቅ እህት ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጣት የሒሳብ ሠራተኛው ኡኒታን እንኳ ቼቺ ነው የሚላት።

ቢሯችን በደቡብ ሕንድ፣ ቲሩቫናንታፑራም ከተማ ውስጥ፣ ከፓላያም ገበያ ጀርባ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ሥራችን የሌሎችን ኢሜይል ማመላለስ ነው፦ የመምህራን ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ አንድ የዓይን ክሊኒክ፣ የቤተ መቅደስ ኮሚቴዎች፣ ጥቂት የካሹ ለውዝ ነጋዴዎች። ከእኛ ዘንድ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ የላኪው ምስጢራዊ ማኅተም ይመታበታል። ተቀባዩ ዘንድ ያለው ሰርቨር ማኅተሙን ይመረምራል፤ ከሌለ ደብዳቤው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ይህን የሚሠራውን ፕሮግራም ማኅተም መቺው እንለዋለን። እኔ ስልክ የማነሣ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ ሲጮህ መጀመሪያ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው፤ ስለዚህ ይህን ያህል ተምሬአለሁ።

ከማኅተም መቺውም ሆነ ከሌሎቹ ፕሮግራሞች በላይ ደግሞ ዘበኛው የምንለው የጥበቃ ሥርዓት አለ። ተራ የፈቃድ ሥርዓት ተከራይን እንጂ ባለቤትን አያስርም፤ ቁልፉን ሁሉ የያዘ ሰው የፈለገበት ክፍል ይገባል። ዘበኛው ግን ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም። በደንቡ ያልተጻፈ ሁሉ ክልክል ነው፤ ቁልፉን ሁሉ ለያዘውም ጭምር። ደንቡን የምትጽፈው ሱማንገላ ናት። ለማኅተም መቺው የጻፈችለት አጭር ነው፦ ማኅተሙን ያንብብ፣ አጠገቡ ካለው ደብዳቤ አመላላሽ ጋር ይነጋገር፣ ወደ ውጭ በር ግን አይውጣ።

«ሌባ ይገባል» ትላለች ለአዲስ ሠራተኛ። «መግባቱን ተወው። ይዞ ይወጣል ወይ ነው ጥያቄው።»

አዲስ ሠራተኛ ሌላም ነገር ይሰማል። አባቷ የመንግሥት አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበሩ። እርሷ ከኔዱማንጋድ ወደ ኮሌጅ የምትመላለሰው በእርሳቸው አውቶቡስ ነበር፤ እርሳቸውም ቲኬት ይቆርጡላት ነበር። ሒሳቡን የሚከፍሉት ከራሳቸው ኪስ ነው፤ ቢሆንም ይቆርጣሉ። ተሳፋሪው ሲስቅባቸው «አውቶቡሱ ልጄን አያውቃትም» ይሉ ነበር። ሱማንገላ ይህን ተርካ ስታበቃ «ዘበኛውም እንደዚያው ነው» ትላለች። ታሪኩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ፈተና አለበት። ፕሮግራም አልሠራ ሲል፣ ደንበኛ በስልክ ሲቆጣ፣ እጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ዘበኛውን ወደ ማስተኛት ነው። ዘበኛው ሲተኛ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ደንበኛው ዝም ይላል፣ ሰውዬው ምሳውን ሊበላ ይሄዳል፣ በዚያው ይረሳል። ዘበኛቸው ሰርቨሩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የተኛባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው። በእኛ ቢሮ ግን ሱማንገላ ያመጣችው ልማድ አለ፦ ዘበኛውን ያስተኛ ሰው ታች ኩታን ቼታ፣ ታላቅ ወንድም ኩታን እንደ ማለት ነው፣ ሻይ ቤት ወርዶ ለሁሉም የሚሆን ፓዛምፖሪ ይገዛል። ትኩሱን የሙዝ ጥብስ በትሪ አምጥቶ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ማንም ምንም አይጠይቅም። ይበላል፣ ጣት ይጠረጋል፣ ሁሉም ያውቃል። እርሷ ራሷ ገዝታ አታውቅም።

ሳጂሞን አንድ ጊዜ ገዝቷል። ሳጂሞን የኮታያም ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትልቅ ሳቅ። ከአራት ዓመት በፊት ለአንድ ደንበኛ ብሎ ዘበኛውን አስተኝቶ የጓደኛው ሠርግ ሄደ። ሱማንገላ በማግሥቱ በጠዋት ጥያቄዋ ደረሰችበት። ትሪው አልበቃትም፤ ካርቶን ቆርጣ «እዚህ ዘበኛ ይተኛል» ብላ ጽፋ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው። ለሳምንት ያህል ነበር የታሰበው። በኋላ ላንሣው ስትል እምቢ ያለው እርሱ ነው።

«ተይው ቼቺ፣ ያለዚያ ወንበሬ ይጠፋብኛል።»

ከዚያ ወዲህ ስሙ እንቅልፌ ሆነ። እርሱም ይስቃል። አንድ ቀን ግን እናቱ በቢሮው ስልክ ደውለው፣ ከውስጥ አንዱ «እንቅልፌ፣ ስልክ!» ብሎ ሲጠራው ሰሙ። የዚያን ቀን አልሳቀም።

ነገሩ የጀመረው ሙቀቱ ሲበረታ ነው። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ፤ የደወሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

«ልጄ፣ ማኅበሩ የይለፍ ቃልህን ላክ ብሎ ጻፈልኝና ላክሁ። አሁን ደግሞ እኔ አልጻፍኩም ይለኛል።»

«መምህር፣ የማኅበሩ ማኅተም ነበረበት?»

«ማኅተም ያለበትን እመኑ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁ? ነበረበት፤ አመንኩ።»

ከእርሳቸው በኋላ ስልኩ አላረፈም። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር፤ ደብዳቤው ግን ከእኛ አልወጣም። አንድ ሰው የመምህራኑን ማኅተም ሰርቆ ራሱ ጋ እየመታ ነበር። አሮጌው ማኅተም ወዲያው ተሻረ፤ ከቤንጋሉሩም መርማሪ ተጠራ። መርማሪው ትሑት ሰው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ያገኘውን እንዲህ ሲል ነገረን። ሌባው የገባው በራሱ በማኅተም መቺው ስሕተት በኩል ነው፤ ማኅተሙን አንብቦ በውጭ በር ወጥቷል። ዘበኛው የዚያን ጊዜ የመዘገበው ነገር ዲስኩ ትንሽ ስለሆነ አዲስ መዝገብ ተጽፎበት ጠፍቷል። «ግን» አለ መርማሪው «ነቅቶ ቢሆን ያ በር አይከፈትም ነበር። አሁን ደግሞ ነቅቷል፤ እንግዲህ አንድ ሰው አስተኝቶ መልሶ ቀስቅሶታል።»

ዓርብ ተሰበሰብን። አለቃችን ፕራታፓን ሳር፣ ሳር «ጌታዬ» እንደ ማለት ነው፣ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ። እርሳቸው ገና ማንንም ሳያዩ ሌሎቻችን ካርቶኑ ወደተሰቀለበት ወንበር አየን።

«ሳር፣ ሌባው በገባበት ሳምንት ሰርቨሩን የነካሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም» አለ ሳጂሞን። «ማሻሻያ ጫንኩ። ዘበኛውን ግን አልነካሁም።»

«ከዚህ በፊት ነክተሃል።»

«ነክቻለሁ። ፓዛምፖሪውንም በልተዋል።»

ማንም አልሳቀም።

«ሳር፣ ቼቺ በየጠዋቱ ትጠይቃለች። አንድም ቀን ተኝቷል ብላ አታውቅም። መቼ አስተኝቼ መቼ ቀሰቀስኩት?»

«ማታ አስተኝተህ ሳይነጋ መቀስቀስ ይቻላል» አለ ኡኒታን፣ ሻዩን እያማሰለ።

«እኔ ነኝ ሳይነጋ የምነሣው? ስሜ ማን ነው?»

አሁን አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ፕራታፓን ሳር ግን አልሳቁም። ሱማንገላ የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

የሆነባትን በኋላ ራሷ ነግራናለች። «ቼቺ በየጠዋቱ ትጠይቃለች» ሲል ነው የታወሳት። የጠዋቱ ጥያቄ የሚጠይቀው ስለ ቤቱ በሙሉ ነው። ዘበኛውን ግን «ለዚህ ለአንዱ ብቻ እይ እንጂ አትከልክል» ማለት ይቻላል። እንዲያ ከተባለ በኋላም ቤቱ በሙሉ ሲጠየቅ መልሱ ያው «ይከለክላል» ነው፤ ሌላው ሁሉ ተከልክሏልና። ከኦናም፣ ከመኸሩ በዓል፣ በፊት የማኅተም መቺው አዲስ ዕትም መጥቶ ነበር። በደንቡ ያልተጻፈ አዲስ ጠባይ ስለነበረው ዘበኛው አላሠራ አለው፤ ደብዳቤዎች ያለ ማኅተም እየወጡ ወደ ቆሻሻ ሄዱ። ሱማንገላም ለማኅተም መቺው ብቻ ዘበኛውን አላላችው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው። ታላላለህ፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ታያለህ፣ ደንቡን ትጽፋለህ፣ መልሰህ ታጠብቃለህ። አላላች፣ አየች። ከዚያ ኦናም ደረሰ፤ ሁሉም ወደየአገሩ ሄደ፤ እርሷም ኔዱማንጋድ ሄዳ ከእህቷ ልጆች ጋር ደጃፍ ላይ አበባ ደረደረች፣ ተመለሰች። የቀረውን አልሠራችም። ምክንያት ፈልጋለች፦ በሽታ፣ ለቅሶ፣ የሥራ ብዛት። አላገኘችም። ረስታው ነው።

ያን ሁሉ ወር ጠዋት ጠዋት «ነቅቷል» ስትል፣ በአንዱ በር ላይ ዘበኛው ዓይኑን ከፍቶ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር።

«ሱማንገላ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት ፕራታፓን ሳር።

«እስቲ ልየው» አለች።

ወደ ወንበሯ ተመለሰችና አንድ መስመር ጻፈች። ማኅተም መቺው እንደ ሌላው በዘበኛው እጅ ገባ። ቀዳዳውን መድፈን ግዴታዋ ነበር፤ ለአፍታ እንኳ ሊቆይ አይገባም። የእርሷን ዱካ ያጠፋውም ያው አንዱ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ማንም መርማሪ ቢመጣ ዘበኛው ላልቶ አያገኘውም። መስመሩን ስትጽፍ የትኛውን እየሠራች እንደነበር ጠየቅናት። «አላውቅም» አለች።

ስብሰባው ሲያልቅ ፕራታፓን ሳር ሳጂሞንን ለብቻው ጠሩት። እኔ ሻይ ቤት ሳገኘው ብርጭቆው ፊቱ ላይ እንደ ሞላ ነበር።

«እንቅልፌ፣ ሻይህን ተኝተህበት ነው የበረደው?» አለው ኩታን ቼታ።

«ቼታ፣ ሌላ ስም ካለህ ስጠኝ። ይኼኛው ሥራዬን በላው።»

ሰኞ በገዛ እጁ መልቀቂያ እንዲያቀርብና የበር ካርዱን እንዲመልስ ተነግሮታል። ራሱ ከለቀቀ ክፉ ቃል አይወራበትም። ያስከፋው ግን ሌላ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ኮቺ ከተማ ያለውን ቢሯችንን እንዲመራ ታጭቶ ነበር፤ ለእናቱም ኮቺ አብረን የምንኖርበት ቤት እያየሁ ነው ብሏቸዋል። «አሁን ምን ልበላት? ተኝቼ ነው ልበላት?»

በዚያ መካከል ሱማንገላ ወረደች። አጠገባችን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ቼቺ» አላት «አንቺ ታውቂኛለሽ። ሰድበሽኛል፣ ካርቶን ሰቅለሽብኛል፣ ግን ታውቂኛለሽ። አልነካሁም ስል ታምኚኛለሽ አይደል?»

«አምንሃለሁ።»

«ይህንኑ ለሳር ንገሪልኝ። የአንቺን ቃል ይሰማሉ።»

«ሰኞ እናያለን» አለች።

የሻዩን ሒሳብ እርሷ ከፈለች። እርሱም አመሰገናት።

ከዚያ ተመልሳ ወጥታ ፕራታፓን ሳር ዘንድ ገባች። የተባባሉትን የነገረችን እርሷ ናት፤ እርሳቸውም ኋላ አላስተባበሉም። ዘበኛውን አላልታ የረሳችው እርሷ መሆኗን ነግራቸው ስታበቃ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። እኛ ለሰው የምንሸጠው ምን ይመስልሻል? ማኅተም? ማኅተም ሁሉም ዘንድ አለ። የምንሸጠው አንቺን ነው። ዘበኛዋ የማይተኛባት ሴት አለችን እንላለን፣ ይፈርማሉ። መምህራኑ ይህን ቢሰሙ ነገ ይሄዳሉ፤ ክሊኒኩም ይከተላል።»

«ልጁስ?»

«ልጁ ወጣት ነው። ሌላ ቦታ ይገባል። ጥሩ አድርገን እንጽፍለታለን።»

ተነሥታ ወጣች። ያሳፈረኝ የእርሳቸው ንግግር አይደለም ትላለች። «እርሳቸው አለቃ ናቸው፤ የአለቃ ነገር ተናገሩ። እኔ ደረጃውን ስወርድ እግሬ ቀልሎኝ ነበር። እፎይ ብዬ ነበር።»

እሑድ ኔዱማንጋድ ሄደች። አባቷ አርጅተዋል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠው መንገድ ያያሉ። ምሳ ቀርቦ፣ ሩዙ ላይ የዓሣው ወጥ እየፈሰሰ ሳለ እንደ ልማዳቸው ጠየቋት።

«ዘበኛሽ እንዴት ነው?»

«ነቅቷል፣ አባ» አለች።

እውነቷን ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ ነቅቷል። የጎረሰችውን ግን ለመዋጥ ውኃ ጠጣች። አባቷ አዩዋት፤ አልጠየቁም። ብዙ ዓመት አውቶቡስ ላይ የኖረ ሰው ቲኬት የሌለውን ከአቀማመጡ ያውቃል፤ እንዲህ ይሉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ኮምፒውተሯ ተዘግቷል፣ ጃንጥላዋም መስኮቱ ላይ የለም። የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ትሪ ተቀምጧል፤ ፓዛምፖሪው ገና ይጤሳል። ሰው አንድ በአንድ ገባ፤ የገባ ሁሉ ትሪውን እያየ የገዛውን ሰው በዓይኑ ፈለገ። ሳጂሞን ካርዱን በእጁ ይዞ ደረሰ። ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ።

«ኧረ እኔ አልገዛሁም» አለ። «ደግሞ ለስንብቴም ይበላብኛል?»

«የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች ሱማንገላ።

ከእርሱ ኋላ ገብታ ቆማ ነበር። ከላይ እንደጻፍኩት አድርጋ ነገረችን፤ ማላላቱን፣ መርሳቱን፣ የዓርቡን መስመር። ድምፅዋ ደንብ እንደሚያነብ ሰው ነበር። ፕራታፓን ሳር በሩ ላይ ደርሰው አልገቡም፤ እዚያው ቆመው ሰሙ። አንድ ጊዜ ብቻ «ሱማንገላ» አሉ፤ እርሷም «አላበቃሁም ሳር» ብላ ቀጠለች። ኡኒታን እጁን ወደ ትሪው ዘርግቶ ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ሳያውቅ አንዱን ያዘው።

ሳጂሞን ካርዱን እያገላበጠ ያየው ነበር።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዓርብ። አንተ ስትናገር።»

«ስብሰባው ላይ።»

«ስብሰባው ላይ።»

«ከሻዩ በፊት።»

«ከሻዩ በፊት» አለች።

እርሱ አንዲት ፓዛምፖሪ አነሣ፣ አያት፣ መልሶ ትሪው ላይ አኖራት። ኡኒታንም የያዘውን መለሰ። ከዚያ በኋላ የነካ የለም። እኩለ ቀን ላይ ኩታን ቼታ ትሪውን ሊወስድ መጥቶ እንደ ሞላ አገኘው።

«ምነው? ዘይቱ ሸትቶ ነው?»

«ዘይቱ ደህና ነው ቼታ» አለች ሱማንገላ።

ሳጂሞን ካርዱን አልመለሰም። የኮቺው ሥራም አልቀረበትም፤ ፕራታፓን ሳር ያን ከሰዓት በሰው ፊት ነገሩት፤ ይቅርታ ግን አልጠየቁም። ማታ ላይ ሱማንገላ ካርቶኑን ልታነሣ ወደ ወንበሩ ስትሄድ ቀደማት። ፈትቶ አጠፈውና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። በእርሷ ወንበር ላይ ይሰቅለዋል ብለን ጠብቀን ነበር።

አሁን የጠዋቱ ጥያቄ ሁለት ነው፦ ቤቱ በሙሉ ይጠየቃል፣ ቀጥሎም ዘበኛው የላላለት ፕሮግራም አንድ እንኳ እንዳለ ይጠየቃል። ሳጂሞን ወደ ኮቺ እስኪሄድ የሚጠይቀው እርሱ ነው፤ እንዲህ ይሁን ያለችው እርሷ ናት። መልሱን ሲያገኝ ወደ እርሷ ዞሮ «ነቅቷል፣ ማዳም» ይላታል። ቼቺ ብሎ መጥራቱን ትቷል። እርሷም ራሷን ነቅንቃ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሐሙስ የመምህራኑ ማኅበር ተወካዮች ይመጣሉ። የደወሉልኝ ጡረተኛ መምህርም አብረዋቸው እንደሚመጡ ነግረውኛል። ማኅተማቸው እንዴት እንደ ወጣ የምትነግራቸው ሱማንገላ ናት።